ልጆቹን ወደ ግራና ስንልክ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚወርድ መንገደኛ ስሪንቃን አልፎ መርሳ እስኪገባ ድረስ የሚጓዘው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ግን አየሩ ይለወጣል። ጠዋት ወልድያ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው፣ መርሳ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ 490 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። መንገደኛ የሚያውቃት በፍራፍሬዋ ነው። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ሾፌሩን «አቁም» የሚያሰኝ ነው።

ግራና ከዚሁ ወረዳ ውስጥ ናት። ትንሽ ከተማ ብትሆንም ስሟ ከእሷ አልፎ ሄዷል። የሰሜን ወሎን ቆላ በመስኖ ለማልማት የተቋቋመው ፕሮግራም «ቆቦ ጊራና ሸለቆ» ተብሎ የሚጠራው ከቆቦ ጋር እሷን ይዞ ነው። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱም «ግራና 1» ይባላል። ስለዚህ ግራና ሲባል ማሽላ ትዝ ቢላችሁ ትክክል ናችሁ። በመስከረም ወር ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ልጆች ጥንቅሽ እየላጡ ሲመጡ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ እነሱ አይታዩም።

ባለፈው መስከረም ከዘመዶቼ ዘንድ ሁለት ሳምንት ከርሜ ነበር። ከነርስነት ጡረታ ብወጣም ሰዉ ጡረታዬን አላወቀልኝም፤ ቡና በተጠራሁበት ቤት ሁሉ «ሲስተር፣ እስቲ ይቺን ልጅ እዪልኝ» አይቀርም። በዚያ ሰሞን ካየኋቸው አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ክረምቱን አያቶቻቸው ጋር ሊያሳልፉ የመጡ ልጆች ነበሩ። አንዱ ሲነሳ ጀምሮ ያስነጥሰዋል። አንዷ ዓይኗን እያሸች አቅልታዋለች። አንዱ ደግሞ ማታ ማታ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። አንዲት አያት ያሉኝን አልረሳውም፤ «ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። ‹ልጁ አለርጂ አለበት፣ ከእንግዲህ አልልከውም› አለችኝ። በዓመት አንዴ የማየውን የልጅ ልጄን አቧራ ሊነጥቀኝ ነው?» 

«አብሽሩ እማማ፣ እንነጋገርበት» አልኳቸው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንግግር ፍሬ ነው። ጉዳዩ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ይህን ዓምድ የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፣ ከሁለቱ ወገን በአንዱ ናችሁ፤ ወይ ላኪ ወይ ተቀባይ።

መጀመሪያ አለርጂ ምን እንደሆነ እንግባባ። ሰውነታችን ጠላትን የሚለይ ዘበኛ አለው። አለርጂ ያለበት ሰው ዘበኛ ጠላት ያልሆነውን፣ ለምሳሌ የአበባ ብናኝን ወይም የቤት አቧራን፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል። ማስነጠሱ፣ ንፍጡ፣ ማሳከኩ፣ የደረት መጥበቡ የዚያ ግርግር ውጤት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም። ምችም ቡዳም አይደለም። በቤተሰብ የመሄድ ጠባይ ስላለው እናቱ ወይም አባቱ አስም ያለባቸው ልጅ የበለጠ ይጋለጣል። 

አሁን ወደ ግራና መንገዶች እንመለስ። ከቤት ወጣ ስትሉ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በማሽላው እግር ሥር፣ በመስኖው ቦይ ዳር፣ ቅጠሉ የተቆራረጠ፣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ አበባ የደረደረ አረም ታያላችሁ። አበባው በርቀት ሲታይ የተከካ እህል የተበተነበት ይመስላል። ሰዉ «ቅንጨ» ይለዋል፤ የግብርና ባለሙያዎችም ቅንጨ አረም ይሉታል። በሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ነው። የትውልድ አገሩ አሜሪካ አህጉር፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። ታዲያ ከዚያ ተነስቶ ወሎ እንዴት ገባ? ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት፣ አንዱ መግቢያው በድርቅ ዘመን የመጣው የዕርዳታ እህል ሳይሆን አይቀርም፤ እህል ይታደልባቸው በነበሩ ጣቢያዎች አካባቢ ቀደም ብሎ መታየቱ ለዚህ ምልክት ተደርጎ ይጠቀሳል። ሕንድም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አጋማሽ ፑኔ በምትባል ከተማ አካባቢ ታየ፤ ከውጭ ከመጣ ስንዴ ጋር እንደገባም ይነገራል። ከዚያ በኋላ በሕንድ ገጠር የቆዳና የአፍንጫ አለርጂ ዋና መነሻ ከሚባሉት አንዱ ሆኗል። ረሃብን ያስታገሰ እህል ሌላ ጣጣ ይዞ መምጣቱ የሚያሳዝን ነው፤ ያን ጊዜ ግን ስንዴውን ማን ያበጥር ነበር?

ቅንጨ አረም አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት አለው። በበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ያብባል። አንዱ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። ዘሩ በውሃ፣ በነፋስ፣ በከብት እግር፣ በመኪና ጎማ ይሄዳል። እርጥበት ባገኘበት ሁሉ ስለሚበቅል መስኖ ባለበት ሸለቆ ዓመቱን ሙሉ አበባ አያጣም። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ለእኛ ዋናው ነገር ግን ቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ውስጥ ፓርቴኒን የሚባል ቆዳን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር መኖሩ ነው። ብናኙ አፍንጫንና ደረትን፣ ፓርቴኒኑ ቆዳን ያስቸግራል። ደርቆ ሲሰባበር ፍርፋሪው በነፋስ ተሸክሞ የዓይን ሽፋን፣ አንገትና የክንድ መታጠፊያ ላይ ያርፋል።

አንድ ገበሬ እጁን ገልጦ አሳየኝ። ከጣቱ እስከ ክንዱ ቆዳው ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ተሰነጣጥቋል። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስነቅለው ኖሬ ምንም አልሆንኩም፤ ዛሬ ምን ነካኝ?» አለኝ። መልሱ ያው ነው፤ ሃያ ዓመት ስለነቀለው ነው። እንዲህ ያለው የቆዳ አለርጂ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም። ዘበኛው ደጋግሞ ያየዋል፤ አንድ ቀን «ይሄስ ጠላት ነው» ብሎ ይወስናል። ከወሰነ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ስለዚህ ለገበሬ ቤተሰብ ትልቁ ምክር፣ ገና ያላሳከከው ሰው ራሱን እንዲጠብቅ ነው።

የከተማው ልጅ ግን ጉዳዩ ለየት ይላል። ለሦስት ሳምንት የመጣ ልጅ ቅንጨን ለመጥላት ጊዜ አልነበረውም። እሱ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂውን ከቤቱ ይዞት ነው የሚመጣው። ግራና የምታደርገው ማጋለጥ ነው። ብዙ ወላጆች ገጠሩን ሲወነጅሉ ይህን ይዘነጋሉ። በ1989 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1997) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገ ጥናት፣ አስምና የትንፋሽ ማፏጨት በከተማው ሰው ላይ ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ ማግኘቱን አሳይቷል። ገጠር የአለርጂ እናት አይደለችም ማለት ነው።

አበባውንም በጅምላ አንክሰስ። በመስከረም የሚያስነጥሰው ልጅ ቤት አደይ አበባው ሲጣል አይቻለሁ። አደይ የምትበተነው በንብ ነው፤ ብናኟ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ በነፋስ ሩቅ አይሄድም። ሩቅ የሚሄደው ዓይን የማይስበው ነው፤ የሣሩ፣ የጥቃቅኑ አረም። ልጁ አፍንጫውን አበባው ውስጥ ካልከተተ አደዩ በዓሉን ያድምቅ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የምጀምረው ከመኝታ ነው። አያት የልጅ ልጇ ሲመጣ ምን ታደርጋለች? ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ የከረመውን፣ ለእንግዳ የተቀመጠውን ወፍራም ብርድ ልብስ ታወጣለች። ፍቅር ነው። ነገር ግን በዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ አቧራና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች አብረው ከርመዋል። ብዙ ጊዜ የጠዋቱ ማስነጠስ መነሻ ማሽላው ሳይሆን ይህ ነው። ልጁ ከመድረሱ ከሦስት አራት ቀን በፊት ብርድ ልብሱን አውጥቶ ማራገፍ፣ ከተቻለ በጣም ሙቅ በሆነ ውሃ ማጠብ፣ የግራና ፀሐይ ላይ አገላብጦ ማስጣት። ውሃው 60 ዲግሪ ሲደርስ ተባዮቹ ይሞታሉ፤ እጅ የማያስገባ ሙቀት ነውና ጥንቃቄ ይደረግ። የገለባ ፍራሽ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ወይም በላስቲክ መለበጥ ይረዳል። ወላጅም ቢሆን ንጹሕ አንሶላና ትራስ ከልጁ ሻንጣ ጋር ቢልክ አያትን መናቅ አይደለም፤ «የለመደው ትራስ ነው» ማለት ይበቃል።

ልጁ የሚተኛበት ክፍልም ይታሰብበት። እህል ከተከማቸበት፣ ዶሮ ከሚያድርበት ክፍል ራቅ ይበል። የነቀዘ እህል ብናኝና የዶሮ ላባ ለአስመኛ ደረት አይስማሙም። ቤቱ ሲጠረግ መሬቱ ውሃ ይረጭ፤ ልጁ ውጭ ይቆይ፤ ከጠረጉ በኋላም ጥቂት ጊዜ በር ይከፈት። 

ቀጥሎ ጭስ። ጭስ አለርጂ ባይሆንም የተቆጣን አፍንጫና ደረት ያባብሳል። የማሽላ አገዳ እየነደደ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ውስጥ ልጅ አዝሎ መቆም ለእናትም ለልጅም ጉዳት አለው። በሩና መስኮቱ ይከፈት፣ ማገዶው የደረቀ ይሁን፣ ልጁ ውጭ ይጫወት። ቡናውስ? ወሎ ቡና የሌለበት ቀን የለውም፤ አይቅርም። ዕጣኑን ግን ልጁ ከተኛበት ክፍል ማራቅ፣ ወይም ከደጅ ማጨስ ይቻላል። እነዚያ አያት ይህን ስላቸው ሳቁና «ዕጣኑ ደጅ ቢጨስም ዱዓው አይቀርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ከቤት ውጭ ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ እላለሁ። አንደኛ፣ ልጆች ቅንጨ አረም አይንቀሉ፣ አይጫወቱበት፣ በእሱ ቤት አይጥረጉ። ሁለተኛ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላ ሲወቃ ወደ አውድማ ከሄዱ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይቁሙ፤ እብቁ ወደሚሄድበት አይዙሩ። ሦስተኛ፣ ማታ ሲመለሱ ከመተኛታቸው በፊት ፊትና እጃቸውን ይታጠቡ፣ ሜዳ የዋሉበትን ልብስ ይቀይሩ። ውሃ በሚቸግርበትም አንድ ጆግ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ የተሸከሙትን ብናኝ ትራስ ላይ ይዘው ከተኙ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሱታል።

አፍንጫው የተደፈነ ትልቅ ልጅ በጨው ውሃ ቢታጠብ ይቀለዋል። አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመር ነው። ያልፈላ የቦይ ወይም የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ለሚያሳክክ ዓይን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ጨርቅ መጣል ያስታግሳል። ማሸት ግን ይከልከል፤ ዓይንን ደጋግሞ ማሸት የዓይንን ብሌን ይጎዳል። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ማሰርም ቆዳን ያቃጥላል። 

ስለ መድኃኒት የምናገረው በጥንቃቄ ነው። እንቅልፍ የሚያስይዙት የቆዩ የአለርጂ ክኒኖች ለልጅ በግምት አይሰጡም፤ ለሞተር ነጂና ለሾፌርም አደጋ ናቸው። እንቅልፍ የማያበዙ አሉ፤ በክብደትና በዕድሜ ተለክተው ይታዘዛሉ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቅባቱና የዓይን ጠብታው ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ትዕዛዝ የሚገዙት፣ ማሳከክን በአንድ ቀን የሚያስታግሱት ስቴሮይድ ያለባቸው ናቸው። በሐኪም ትዕዛዝ ለአጭር ጊዜ ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰዱ ግን ቅባቱ የፊትን ቆዳ ያሳሳል፤ ጠብታው የዓይን ግፊትንና ሞራን አስከትሎ ማየት ሊያሳጣ ይችላል። ዓይኑ በየዓመቱ የሚቀላና የሚያሳክክ ልጅ የዓይን ሐኪም ይየው፤ ባለፈው ዓመት የተረፈ ጠብታ አይንጠብጥለት።

አስም ላለበት ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው ስንቅ የሚነፋው መድኃኒት ነው። «ከለመደው አይተወውም» የሚባለው ከእውነት የራቀ ነው። ሁለት ዓይነት መኖሩን እወቁ። ሳልቡታሞል ሲጨንቅ የሚያስተነፍስ ነው፤ ቤክሎሜታዞንና መሰሎቹ ደግሞ በየቀኑ ተወስደው ጭንቀቱ እንዳይመጣ የሚከላከሉ ናቸው። ልጁ ስለተሻለው ብቻ መከላከያውን አቋርጦ ግራና መሄድ የለበትም። መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ አፍ መንፋት ለልጅ ይቸግራል፤ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር የሚባለው መሣሪያ ለዚህ ነው። ከጠፋ ደግሞ በፈረንጆቹ 1999 የታተመ በኬፕታውን የተደረገ ጥናት፣ ባለ 500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ቂጡ በመንፊያው አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው በደንብ ከተደፈነ፣ ከተገዛው ስፔሰር ጋር ተቀራራቢ ሥራ እንደሚሠራ አሳይቷል። ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል፤ አንድ ጊዜ ተነፍቶ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ መተንፈስ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። የመጀመሪያውን ጤና ባለሙያ እያየ ብትሠሩት መልካም ነው። ለአያትም ልጁ ከመምጣቱ በፊት ሳይሆን አብሮ ሲመጣ በተግባር ይታያት፤ በስልክ የተነገረ ነገር በጭንቅ ሌሊት አይታወስም።

ጊዜ የማይሰጡትን ምልክቶች አያት ጭምር ትወቅ። ሲተነፍስ የጎኑ አጥንት ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ሳልቡታሞል ተነፍቶለት ያልተሻለው ልጅ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ንብ ነድፎት፣ መርፌ ተወግቶ ወይም አንዳች ነገር በልቶ ወዲያው ከንፈርና ምላሱ ያበጠ፣ ሰውነቱ ሁሉ ሽፍታ የወጣበት፣ ያስመለሰው ወይም ራሱን የሳተ ሰውም እንዲሁ። መድኃኒቱ ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። እስኪደርስ ድረስ ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ተቀምጦ ይሂድ። ወተትም ቡናም አታጠጡት። አንድ መድኃኒት እንዲህ ያደረገው ልጅ የመድኃኒቱ ስም በወረቀት ተጽፎ በሻንጣው ይሂድ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይመለስ የሚመስል አንድ ጥያቄ አለ። የከተማው ልጅ ትምህርት ሲከፈት ይሄዳል። እጁን ያሳየኝ ገበሬስ? ለእሱ «ከአረሙ ራቅ» ማለት «ከማሽላህ ራቅ» ማለት ነው። ምክሩ ሊጠቅም የሚችለው ሥራውን ሳያስጥል ሲቀር ነው። እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ጓንት፣ ጓንት ከሌለ ሙሉ እጅ የሚሸፍን ላስቲክ፤ አፍና አፍንጫ ላይ ነጠላ። ሲመለሱ በሳሙና መታጠብ፣ የአረም ልብሱን ለብቻ ማጠብ። ከሁሉ በላይ ጊዜውን መምረጥ፤ አረሙ ሳያብብ፣ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲላላ ከሥሩ ይነቀላል። ካበበ በኋላ መንቀል ብናኙን መበተን፣ ዘሩን መዝራት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ማሳውን ቢያጸዳ ከጎረቤቱ ድንበር መልሶ ይዘራበታል። ስለዚህ ይህ የደቦ ሥራ ነው። የቦዩ ዳር፣ የመንገዱ ዳር፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ባለቤት የለውም እየተባለ ሲያብብ፣ መንደሩ ሁሉ ያስነጥሳል። ከሜክሲኮ የተገኘች ቅጠሉን የምትበላ ጥንዚዛ በአገራችን ተመርምራ መስክ ላይ ተለቃለች፤ ጥሩ ተስፋ ነው። ጥንዚዛዋ እስክትደርስ ግን የሰው እጅ ይቅደም።

ለእኒያ አያት በመጨረሻ የነገርኳቸው ይህን ነው። ልጁ ይምጣ። ከሐምሌ ጀምሮ ደጃፉ ላይ ያለው ቅንጨ ሳያብብ ይነቀል፤ ብርድ ልብሱ ፀሐይ ይምታው፤ አልጋው ከእህሉ ይራቅ። ልጅዎም መድኃኒቱን፣ ጠርሙሱንና ትራሱን አስይዛ ትላከው፤ ከመላኳ በፊትም ሐኪም ዘንድ ታሳየው። አስሙ ገና ያልተረጋጋ፣ በቅርቡ ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ልጅ ከሆነ ዘንድሮ ይቆይና ለጥር በዓል፣ ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ ይምጣ። መቅረትና መዘግየት አንድ አይደሉም። አያቱን ሳያውቅ ያደገ ልጅ አፍንጫው ቢጸዳ ምን ያደርግለታል?